የሕመም ክፍያና የቤት ድጋፍ በአሜሪካ፦ የትኛው ማመልከቻ ይቅደም?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖረው የአገራችን ሰው ዘንድ «ዲሴቢሊቲ ወጣለት» ሲባል አንድ ነገር የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ክፍያዎች ሁለት ሲሆኑ የሚሰጡበትም ምክንያት የተለያየ ነው። አንደኛው፣ ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ. የሚባለው፣ ሠራተኛው ሲቆረጥበት ከኖረው የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የሚመነጭና በ1956 የተደነገገ መድን ነው። ሁለተኛው፣ ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለው፣ ገቢያቸውና ንብረታቸው እጅግ አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና ሕሙማን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚሰጥ፣ ከጥር 1974 ጀምሮ የሚከፈል ድጎማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱንም የሚወስነው የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ነው። የቤት ኪራይ ድጋፍ ግን ሌላ በር አለው፤ የሚወስነው የየከተማው ወይም የየካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣን፣ በተለምዶ «ሀውሲንግ» የምንለው መሥሪያ ቤት ነው።

በትርፍ ጊዜዬ ለሰው ደብዳቤ ሳነብና ቅጽ ሳስሞላ ደጋግሜ የማየው ስሕተት፣ አንዱ መሥሪያ ቤት መልስ እስኪሰጥ ድረስ ሌላውን ማቆየት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚመረምረው አመልካቹ መሥራት መቻል አለመቻሉን፣ ዕድሜውንና ያለውን ሀብት ሲሆን፣ ሀውሲንግ በበኩሉ ቤተሰቡ ስንት ሰው እንደሆነና ገቢው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። አንዱ ስለ ከለከለ ሌላው ይከለክላል ማለት አይደለም። የጊዜ አቆጣጠራቸውም አይገናኝም፤ ቀጥሎ ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ በጊዜው ጉዳይ ላይ ነው።

የሠራ ሰው በር እና የተቸገረ ሰው በር

ለኤስ.ኤስ.ዲ.አይ. ሕመም ብቻውን አይበቃም፤ በቂ የሥራ ነጥብ፣ ማለትም «ክሬዲት»፣ መኖር አለበት። በ2026 አንድ ነጥብ የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ሲሆን በዓመት ከአራት ነጥብ በላይ አይሰበሰብም። ዕድሜው 31 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ በዕድሜው ልክ ከሚፈለገው ጠቅላላ ድምር በተጨማሪ፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 20 ነጥብ ያገኘ መሆን ይጠበቅበታል። እዚህ ላይ የታክሲና የኡበር ሾፌሮቻችን ጉዳይ ለብቻው መነሣት ያስፈልገዋል። የሂሳብ ሠራተኛው የነዳጁንም፣ የጎማውንም፣ የስልኩንም ወጪ እያስቀነሰ የተጣራውን ገቢ ወደ ታች ባወረደለት ቁጥር ሲደሰት የኖረ ሾፌር፣ ጀርባው በተጎዳ ቀን የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡን ሲከፍት ሃያ ዓመት ሙሉ የነዳ ሰው መዝገብ ሳይሆን በየዓመቱ ጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ ያገኘ ሰው መዝገብ ያገኛል። የሚቆጠረው የተጣራው ገቢ ነውና።

ነጥብ የተሟላለት ሰውም ቢሆን ዘላለም እንደ ተሟላለት አይኖርም። ሥራ ካቆመ በኋላ የመድኑ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያልቃል። ስለዚህ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚያመለክት ሰው፣ ሽፋኑ ከማለቁ በፊት ታሞ እንደነበር በዚያን ጊዜ በተጻፈ የሐኪም ማስረጃ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ኤስ.ኤስ.አይ. ይህ ሁሉ የለበትም፤ አንድ ቀን ሠርቶ የማያውቅ ሰውም ሊያገኘው ይችላል። ዕድሜው 65 ከሞላ ደግሞ ሕመም ማስረዳት ጨርሶ አይጠበቅበትም። የ70 ዓመት እናቱን የሕክምና ወረቀት ለማሟላት ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲያመላልስ የከረመ ልጅ አውቃለሁ፤ የልደት ማስረጃዋ ብቻ ይበቃ ነበር።

በገንዘብ በኩል ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ. ሰውየው ባገኘው የዕድሜ ልክ ገቢ ይሰላል። ኤስ.ኤስ.አይ. ግን ጣሪያ አለው፤ በ2026 ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ. ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ለአምስት ሙሉ ወራት አይከፈልም፤ ሜዲኬር የሚባለው የፌዴራል የጤና መድን የሚጀምረውም በአብዛኛው ክፍያው መታሰብ ከጀመረበት ወር አንሥቶ 24 ወራት ቆይቶ ነው። ነገር ግን ከማመልከቻው በፊት እስከ 12 ወር ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊከፈል ይችላል። ኤስ.ኤስ.አይ. ወደ ኋላ አይመለስም፤ መቆጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ከገባበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ነው። በዚህ የተነሣ ኤስ.ኤስ.አይ.ን አንድ ወር ማዘግየት አንድ ወር መጣል ነው። በዲሲና በሜሪላንድ ኤስ.ኤስ.አይ. የተፈቀደለት ሰው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን፣ አብሮት ይመጣለታል፤ በቨርጂኒያ ግን ለሜዲኬይድ ራሱን የቻለ ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ለማዶ የሚኖሩ እኅትማማቾች በዚህ አንድ ነገር ሲለያዩ አይቻለሁ።

ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ. ያነሰበት ሰው ሁለቱንም ባንድነት ሊያገኝ እንደሚችል ብዙዎች አያውቁም። ለምሳሌ ያ ሾፌር 600 ዶላር ቢወሰንለት፣ ከዚህ ውስጥ 20 ዶላሩ ሳይቆጠር 580ው ከ994 ላይ ተቀንሶ 414 ዶላር ኤስ.ኤስ.አይ. ይጨመርለትና በድምሩ 1,014 ዶላር ይሆንለታል።

ለኤስ.ኤስ.አይ. የሚከፈለው ዋጋ ቁጥጥሩ ነው። ተቀባዩ ከ2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ3,000 ዶላር በላይ ሀብት ሊኖራቸው አይገባም። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ አዲስ አበባ ያለ፣ ሊሸጥ የሚችል ኮንዶሚኒየም ግን ይቆጠራል፤ «እዚያ ያለውን ማን ያውቃል» የሚለው ምክር ኋላ የተከፈለውን ሁሉ አስመላሽ ዕዳ ያመጣል። ኤስ.ኤስ.አይ. ተቀባይ ለ30 ተከታታይ ቀናት ወይም ለአንድ ሙሉ የካሌንደር ወር ከአሜሪካ ከወጣ ክፍያው ይቋረጣል፤ ለመቀጠልም ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት። ስለዚህ ገናን ከዘመድ ጋር ውሎ ለጥምቀት ጃንሜዳ መገኘት የሚፈልግ ሰው የሄደበትንና የሚመለስበትን ቀን ቆጥሮ ቲኬት መቁረጥ ይኖርበታል። ኤስ.ኤስ.ዲ.አይ. የሚቀበል የአሜሪካ ዜጋ ይህ ጭንቀት የለበትም።

ግሪን ካርድ ያለውና ዜግነት ያገኘው

ኤስ.ኤስ.አይ. ለውጭ ዜጋ ጠባብ በር ነው። ከነሐሴ 22 ቀን 1996 ወዲህ በግሪን ካርድ የገባ ሰው በመደበኛው አምስት ዓመት መቆየት ብቻ ሳይሆን 40 የሥራ ሩብ ዓመቶችም (ከላይ «ነጥብ» ያልናቸው) ሊኖሩት ይገባል። የትዳር ጓደኛ በጋብቻው ዘመን የሠራው፣ ልጅ ከ18 ዓመት በታች ሳለ ደግሞ ወላጆቹ የሠሩት ይደመርለታል፤ ልጅ የሠራው ግን ለእናት አይቆጠርላትም። ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ሰው ለሰባት ዓመት ሊቀበል ይችላል። በልጇ ጠያቂነት የመጣች እናት ላይ ደግሞ ልጁ የፈረመው የድጋፍ ውል ስላለ፣ ዜጋ እስክትሆን ወይም 40ው እስኪሞላ ድረስ የልጁ ገቢ እንደ እርሷ ገቢ ይቆጠራል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ እናቶቻችን ኤስ.ኤስ.አይ. በተግባር የሚጀምረው ከዜግነት በኋላ ነው፤ በማስታወስ ችግር ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት የቋንቋና የታሪክ ፈተናውን መውሰድ የማይችሉት ሐኪም በሚሞላው ቅጽ ነፃ የሚሆኑበት መንገድ አለ።

ሀውሲንግ ግን ይህን አይጠይቅም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ለቫውቸርም (ከግል አከራይ የሚከራዩትን ቤት ኪራይ በከፊል ለሚሸፍን ድጋፍ) ሆነ ለመንግሥት ቤት ማመልከት ይችላል። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይነሣል፦ አዲስ ለመጣ አረጋዊ ወላጅ መጀመሪያ የሚገባው ማመልከቻ የቤቱ ነው። የቤቱ ጥበቃ ዓመታት ይፈጃል፤ ኤስ.ኤስ.አይ. ደግሞ ዜግነቱ እስኪመጣ ዓመታት ይቀሩታል፤ ሁለቱ ጥበቃዎች ጎን ለጎን ቢሄዱ ይሻላል።

«ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ

ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆኑት፣ ለሁለቱም ክፍያዎች የሕመሙ መለኪያ አንድ ነው፤ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ አለዚያም ለሞት የሚያሰጋ፣ በሕክምና የተረጋገጠና በ2026 ስሌት በወር ከ1,690 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ሥራ የማያሠራ ሕመም መሆን አለበት። ውሳኔው በአመዛኙ የሚመሠረተው በሐኪሙ ማስታወሻ ላይ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ «እንዴት ነዎት?» ሲባል፣ ጉልበቱ እያቃሰተም ቢሆን፣ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። አስተርጓሚው ይህንኑ ይተረጉማል፤ ሐኪሙም «ታካሚዋ ደኅና መሆኗን ትናገራለች» ብሎ ይጽፋል፤ ወሳኙ ይህንኑ ያነባል።

አመልካቹ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ የሚጠይቀው ቅጽም ከዚህ አይሻልም። አንዲት እናት ልጃቸው በሞላላቸው ቅጽ ላይ «በየቀኑ ቡና አፈላለሁ» የሚል ሰፍሮ አየሁ። ስጠይቃቸው፣ ረከቦቱን የምታቀርበው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ውሃውን የምትቀዳው እርሷው ናት፤ እርሳቸው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ቡናውን ያምሳሉ፣ ሁለተኛው ሳይፈላም ጀርባቸውን ለማሳረፍ ይጋደማሉ። ሐሰት አልጻፉም፤ ግማሹን ብቻ ጻፉ። በቅጹ ላይ የሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ማን እንደሚያግዝና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ሁለት የደንብ ለውጦችም እዚህ ይጠቀሱ። ከሚያዝያ 27 ቀን 2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ አለመቻል ለሕመም ክፍያ የሚረዳ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል፤ «ቋንቋ አልችልም በል» የሚለው የቆየ ምክር አሁን ዋጋ የለውም። ከሰኔ 22 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ «ወደ ቀድሞ ሥራህ መመለስ ትችላለህ» ለማለት የሚታየው የ15 ዓመት ሳይሆን የ5 ዓመት ሥራ ብቻ ሆኗል። ይኸኛው ከብዙ ዓመት በፊት ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ተቀምጦ የሠራና በኋላ ወደ ከባድ ሥራ የዞረን ሰው በእጅጉ ይጠቅማል።

ልጅ ቤት፣ የአረጋውያን ሕንጻ ወይስ ቫውቸር

የሕመሙ ክፍያና የቤቱ ጉዳይ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሂሳቡም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል።

እናት ልጃቸው ቤት እየኖሩ፣ ምግባቸውንም መኖሪያቸውንም ቤተሰቡ ከቻለላቸው፣ ኤስ.ኤስ.አይ. በአንድ ሦስተኛ ይቀነሳል፤ 994ው ወደ 662 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይወርዳል። ከመስከረም 30 ቀን 2024 ወዲህ ምግብ በራሱ ክፍያ አያስቀንስም፤ መኖሪያው ግን አሁንም ይቆጠራል። ቅነሳውን ለማስቀረት የድርሻን መክፈል ያስፈልጋል። የቤቱ ብድር ወይም ኪራይ፣ የንብረት ግብሩ፣ መብራቱ፣ ጋዙ፣ ውሃውና የቆሻሻው ተደምሮ ለነዋሪው ብዛት ይካፈላል። ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት ወጪው 3,600 ዶላር ቢሆን ድርሻቸው 600 ነው፤ ያን ከከፈሉ 994ው ሙሉ ይሰጣቸዋል። በእጃቸው የሚቀረው 394 ስለሆነ ከ662ቱ ያነሰ ይመስላል፤ ኪሱ አንድ ለሆነ ቤተሰብ ግን በወር 331 ዶላር ከ33 ሳንቲም ትርፍ ነው። እናት ለራሳቸው ወንድም ወደ ደሴ ገንዘብ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ቅነሳውን ተቀብሎ 662ቱን መያዝ ይመረጥ ይሆናል። ይህ የቤተሰብ ውሳኔ ነው፤ የትኛውም ቢመረጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ እውነቱ መነገር አለበት። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ መክፈያ ለሌላቸው፣ «ሲፈቀድልኝ እመልሳለሁ» የሚል እውነተኛ የብድር ስምምነት ቀድሞ በጽሑፍ ማድረግም ተቀባይነት አለው።

ልጁ የራሱ መግቢያና ማብሰያ ያለው የተለየ ቤት ካለውና እናቱ እዚያ ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ፣ ከዚያው ከመስከረም 30 ቀን 2024 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ደንብ አለ፤ የተስማሙበት ኪራይ በ2026 ስሌት 351 ዶላር ከ33 ሳንቲም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከገበያው ዋጋ ማነሱ ክፍያቸውን አያስቀንስም። ሀውሲንግ ግን በዚህ ነገር ተቃራኒውን ይላል፤ ቫውቸር የያዘ ሰው ከወላጁ፣ ከልጁ፣ ከአያቱ፣ ከልጅ ልጁ ወይም ከወንድምና ከእኅቱ ቤት መከራየት አይችልም፤ ለአካል ጉዳተኛ አስፈላጊ መሆኑ ታምኖበት በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደ በቀር። አንዱ መሥሪያ ቤት የፈቀደውን ሌላው ይከለክላልና፣ ምድር ቤቱን አድሶ «ቫውቸሩ ሲወጣ እማማን እዚህ አስገባለሁ» ብሎ የሚያስብ ልጅ ከማደሱ በፊት ይጠይቅ።

በቫውቸር ወይም በመንግሥት በሚደገፍ የአረጋውያን ሕንጻ ተከራዩ በመደበኛው የሚከፍለው ከተስተካከለው ገቢው 30 በመቶ ያህል ነው፤ 994 ዶላር ብቻ ለሚያገኝ ሰው ከ300 ዶላር በታች ማለት ነው። መንግሥት የሚሸፍነው የኪራይ ክፍል ኤስ.ኤስ.አይ.ን አያስቀንስም። ዘግይቶ ባንድ ጊዜ የሚከፈል ውዝፍ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብም ለኪራይ ስሌት እንደ ገቢ አይቆጠርም። በእናት እጅ በሚቀረው ገንዘብ ብቻ ከተመዘነ፣ ለብቻ መኖሩ ከልጅ ቤት ሁሉ ይበልጣል።

በቫውቸሩና በሕንጻው መካከል ያለው ልዩነት የመንቀሳቀስ ነው። ቫውቸር ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ነገር ግን ቤቱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ የሚሰጠው የመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ሲሆን በአካል ጉዳት ምክንያት እንዲራዘምለት መጠየቅ ይችላል። በዲሲና በሜሪላንድ አከራይ «ቫውቸር አልቀበልም» ማለት አይፈቀድለትም፤ በቨርጂኒያም እንደዚሁ ሲሆን ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸው አከራዮች ግን ከደንቡ ውጪ ናቸው። በአረጋውያን ሕንጻ ድጋፉ ከሕንጻው ጋር የተያያዘ በመሆኑ የለቀቀ ሰው ትቶት ይወጣል፤ በምትኩ ሊፍት፣ የመታጠቢያ ቤት መያዣና የሚጠራ ጎረቤት አለ። ብዙዎቹ ሕንጻዎች ከ62 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ። እያንዳንዱ ሕንጻ የራሱን የተራ መዝገብ ስለሚይዝ፣ የዲሲ የቤቶች ባለሥልጣን በ2013 ከ70,000 በላይ ስም ይዞ እንደዘጋው ዓይነት ትልቅ መዝገብ ሳይከፈት በየሕንጻው መመዝገብ ይቻላል። ለአረጋውያን እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ በቀን ተሲያት እየተዘዋወሩ አምስትና ስድስት ሕንጻ መጠየቅ።

ብቻቸውን መኖር ለማይችሉት ሕጉ አስታማሚ አብሯቸው እንዲኖር ይፈቅዳል። አስታማሚዋ ዘመድም ልትሆን ትችላለች፤ እዚያ የምትኖረው ለማስታመም ብቻ ከሆነ ገቢዋ አይቆጠርም።

ሲከለከሉ፦ ይግባኝ ወይስ አዲስ ማመልከቻ

አብዛኛው የሕመም አመልካች በመጀመሪያው ዙር ይከለከላል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ግን እንደ አዲስ ማመልከት ስለሚቀለው ያንኑ ይመርጣል። በእኔ ግምት ይህ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ያከስራል፤ የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ይጠፋል፤ ከእርሱም ጋር ውዝፉ ይጠፋል፤ የሥራ መድኑ ሊያልቅ የቀረበ ሾፌር ከሆነ ደግሞ መብቱ ራሱ ሊያልፍበት ይችላል። ይግባኙ አራት ደረጃ አለው፤ ዳግመኛ ምርመራ፣ በአስተዳደር ዳኛ ፊት መቅረብ፣ የይግባኝ ምክር ቤት፣ በመጨረሻም የፌዴራል ፍርድ ቤት። በየደረጃው ያለው ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰ 60 ቀን ሲሆን፣ ደብዳቤው በላዩ ከተጻፈው ቀን በኋላ በአምስተኛው ቀን እንደደረሰ ይገመታል። አዲስ ማመልከቻ የሚሻለው ከቀድሞው የተለየ አዲስ ሕመም ሲመጣ፣ ወይም 60ው ቀን ያለበቂ ምክንያት ሲያልፍ ነው።

ይከፈለው የነበረ ሰው «ተሽሎሃል» ተብሎ ሲቋረጥበት ሌላ ቀነ ገደብ ይመጣል። በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ክፍያው እንዲቀጥል ከጠየቀ፣ እስኪወሰን ድረስ እየተከፈለው ይቆያል፤ ከተረታ ግን መልስ ሊባል እንደሚችል ማወቅ አለበት። ጠበቃ ለመያዝ በቅድሚያ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በተለመደው ውል የጠበቃው ድርሻ ከውዝፉ 25 በመቶ ሲሆን ከተወሰነው ጣሪያ አይበልጥም (ጣሪያው በ2024 መጨረሻ 9,200 ዶላር ተደርጎ ነበር)፤ ደንበኛው ካላሸነፈ ዋጋ አይጠይቅም።

የሀውሲንጉ ይግባኝ አጭር ነው። ገና አመልካች ሳለ የተከለከለ ሰው ውሳኔው ባልተሳተፈበት ሰው እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ቫውቸር ይዞ ሊነጠቅ የሆነ ሰው ደግሞ ማስረጃ አቅርቦ፣ በእርሱ ላይ የቀረበውን ወረቀት አይቶ የሚከራከርበት ሙሉ ችሎት ይገባዋል። ቀነ ገደቡን የሚወስነው እያንዳንዱ ባለሥልጣን ስለሆነ ከደብዳቤው ላይ መነበብ አለበት። ከተራ መዝገብ የሚሰረዙት አብዛኞቹ ግን ተከልክለው ሳይሆን አድራሻ ቀይረው ሳያሳውቁ ወይም ለመጣ መጠይቅ ሳይመልሱ ቀርተው ነው። መልስ ያልሰጡት በሕመማቸው ምክንያት ከሆነ ባለሥልጣኑ ወደነበሩበት ተራ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ለዚህም ሐኪሙ «በዚያ ወር ሆስፒታል ተኝተው ነበር» ብሎ የሚጽፋት አጭር ደብዳቤ ልትረዳ ትችላለች።

በሶሻል ሴኩሪቲ በኩል አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። በቀጠሮው ጊዜ «አማርኛ» ብሎ ማስመዝገብ ይገባል፤ በዳኛ ፊት ለሚቀርብ ሰው በተለይ፣ የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ አይመከርም፤ አያት በልጅ ልጃቸው ፊት ሽንት እንደማይቋጥሩ አይናገሩምና።